ወረርሽኙ የት ደረሰ? ምን ያህልስ ከበደ? በደብተርና በስልክ ካልኩሌተር የመገመት ዘዴ

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ቁጭ ብለን የዓሣ ጥብስ እየጠበቅን ነበር። ወሬው እንዴት እንደተነሣ አላስታውስም፤ ብቻ ሁለት ጓደኞቼ በኮሮና ጉዳይ ተያያዙ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ «በዓለም የሞተው 7 ሚሊዮን ሰው ነው፤ ይኸው!» አለ። ሁለተኛውም ስልኩን አወጣ። «ምን 7 ሚሊዮን ትላለህ? በሁለት ዓመት ብቻ 15 ሚሊዮን ገደማ አልቋል። የዓለም ጤና ድርጅት ነው ያለው።» «የእኔም እኮ ያው የዓለም ጤና ድርጅት ነው!» አባ ኮዳዎቹ አንገታቸውን ቀብረው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። እኛ ስልክ ከስልክ እናስተያያለን። ሒሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ ዳኝነቱ ለእኔ ተሰጠ።

ሁለቱም ልክ ነበሩ። አንደኛው የተመዘገበውን ሞት ይዟል፤ ሁለተኛው የተገመተውን። ፍርዴ ግን ማንንም አላስደሰተም። «ታዲያ የትኛውን እንያዝ?» አሉኝ። ዓሣው መጣና ነገሩ እዚያው ቀረ።

ያን ቀን ያልጨረስኩትን እዚህ ልጨርስ። ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ ደብተር፣ እርሳስና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። ዘዴው ለኮሮና ብቻ ሳይሆን ነገ ለሚመጣውም ይሠራል። የውጭውን ዘመን እ.ኤ.አ. እያልኩ፣ የእኛን በእኛው አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ደረጃ 1፦ «ከስንቱ?» ብላችሁ ጀምሩ

ገጹን መሐል ለመሐል በመስመር ክፈሉት። በግራ «የት ደረሰ»፣ በቀኝ «ምን ያህል ከበደ» ብላችሁ ጻፉ። ሰው የሚጣላው ሁለቱ ሲደባለቁበት ነው። ጉንፋን ሰፈሩን ሁሉ ያዳርሳል፤ የሚገድለው ግን እጅግ ጥቂት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ የሚይዘው ጥቂት ሰው ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ግን የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

ከዚያ መቶኛ በጻፋችሁ ቁጥር አጠገቡ «ከስንቱ?» የሚል ጥያቄ አስቀምጡ። ክፍልፋይ ስናስተምር ላዕልና ታሕት (ከመስመሩ በላይና በታች ያለው ቁጥር) የምንለው ነው። ተማሪዎቼ ላዕሉን አይስቱም፤ ጉዳቸው የሚፈላው ታሕቱ ላይ ነው። ዜና የሚጽፉ ሰዎችም ከእነሱ ብዙ አይሻሉም።

እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 2020 ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም በዓለም ከተመዘገቡት የኮሮና ታማሚዎች 3.4 በመቶው መሞታቸውን ተናገሩ። ወሬው እኛ ሰፈር ሲደርስ «ከያዘው መቶ ሰው ሦስቱን ይገድላል» ሆኗል። እሳቸው ያሉት ግን «ከተመዘገቡት» ነው። ታሕቱ ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል፦ በምርመራ የተገኘባቸው፣ ተመረመሩም አልተመረመሩ በቫይረሱ የተያዙት በሙሉ፣ ወይም መላው ሕዝብ።

ልዩነቱን በቁጥር ለማየት ዳይመንድ ፕሪንሰስ የተባለችውን የመንገደኞች መርከብ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ዮኮሃማ ወደብ ላይ 3,711 ሰው እንደያዘች እንድትቆም ተደረገች። ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው ስለተመረመረ 712 ሰው ተገኘበት። ሲመረመሩ ግማሽ ያህሉ ምንም ምልክት አልነበራቸውም። የሞቱትን 13 ብለን እንያዝ። 13 ለ712 ሲካፈል 1.8 በመቶ ይመጣል። አሁን «የሚያስለው ብቻ ይመርመር» ተብሎ ቢሆን ኖሮስ? ግማሹ ሳይታወቅ ይቀር ነበር። 13 ለ356፣ 3.7 በመቶ። መርከቧ ያችው፣ ሟቾቹም እነዚያው። ታሕቱ ብቻ ተነካ፣ በሽታው በእጥፍ «ከበደ»።

ደረጃ 2፦ መረቡን ሳታዩ ዓሣውን አትቁጠሩ

ሐይቃችን ላይ ቀዳዳው ሰፊ መረብ የጣለ ሰው ትልልቁን ቆሮሶ ብቻ ያወጣል። ስለዚህ «ሐይቁ ውስጥ ትንሽ ዓሣ የለም» የሚል አሥጋሪ ግን አይቼ አላውቅም። ቁጥር ላይ ሲሆን ነው ይህን የምንረሳው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። እስካሁን የተመዘገበው ድምር 500 ሺህ ገደማ ታማሚና 7,500 ገደማ ሟች ነው። ካልኩሌተሩ 1.5 በመቶ ይላል። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ከሆነው ሕዝባችን የተያዘው ደግሞ ከመቶ ሰው አንድ እንኳ አይሞላም። የምታምኑ እጃችሁን አውጡ።

እኔ አላወጣም። በ2013 እኛ ቤት አምስት ሰው ተራ በተራ ወደቀ። ትኩሳት፣ ሳል፣ ቡና ሲቆላ ሽታው አለመሰማት። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዳማከሴ፣ ከዚያ ደህና ሆንን። የተመረመረ የለም። ከአምስታችን በአገሪቱ ቁጥር ውስጥ የገባው ዜሮ ነው።

መረቡን ለመመርመር ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ከመቶ ምርመራ ስንቱ ተገኘበት? የዓለም ጤና ድርጅት በሜይ 2020 (እ.ኤ.አ.) ቁጥሩ ለሁለት ሳምንት ከ5 በመቶ በታች ከቆየ ስርጭቱ በቁጥጥር ሥር ነው ለማለት እንደ አንድ መለኪያ አስቀምጦት ነበር። ከመቶ 3 ከሆነ መረቡ ሰፊ ቦታ ሸፍኗል። ከመቶ 30 ከሆነ የተመረመረው ሕመም የጠናበት ብቻ ነው፤ ውጭ የቀረው ብዙ ነው። ሁለተኛ፣ ማን ነው የተመረመረው? ለበረራ ወረቀት ፈልጎ የመጣ ጤነኛ ተጓዥና ትንፋሽ አጥሮት የመጣ ሰው አንድ ድምር ውስጥ ሲገቡ መቶኛው ትርጉም ያጣል።

ሦስተኛ፣ «በኮሮና ሞተ» የሚባለው ማን ነው? እንግሊዝ በኦገስት 2020 (እ.ኤ.አ.) ከምርመራ በኋላ በ28 ቀን ውስጥ የሞተ ብቻ ይቆጠር ስትል ከብሪታንያ ድምር ከ5 ሺህ በላይ ሟች በአንድ ቀን ወረደ። የዉሃን ከተማ በተቃራኒው በኤፕሪል 17 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) ቀድሞ ያልተቆጠሩ 1,290 ሟቾችን ጨመረች። በሁለቱም ቦታ ያን ቀን በተለየ የሞተም የተነሣም ሰው የለም።

ለሐዋሳ ሰው አንድ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ። ሲዳማ ክልል የሆነው በሰኔ 2012፣ ወረርሽኙ ከገባ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹን ወራት አሃዝ የምትፈልጉት በቀድሞው የደቡብ ክልል ሥር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው «ሲዳማ ላይ ሰኔ ድረስ ምንም አልነበረም» ብሎ ሊደመድም ይችላል።

ደረጃ 3፦ ደሙን ጠይቁ

ቫይረስ ሲለቅ ደም ውስጥ አሻራ ይተዋል፤ አንቲቦዲ የሚባለው። ያልተመረመረውን ሰው ያለፈ ታሪክ የምናውቀው በዚህ ነው። የግራው ዓምድ ዋና መረጃ ይኸው ነው።

ኬንያ ላይ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ጁን 2020 (እ.ኤ.አ.) ደም ለጋሾች ሲታዩ፣ ከማስተካከያ በኋላ 4.3 በመቶው አንቲቦዲ ነበራቸው። የኬንያ ሕዝብ በ2019ኙ ቆጠራ 47.6 ሚሊዮን ነው። አባዙት፤ 2 ሚሊዮን ይመጣል። በዚያ ሰሞን የተመዘገበው ታማሚ 2 ሺህ ገደማ ነበር። ለአንድ የታወቀ አንድ ሺህ ያልታወቀ ማለት ነው። ደም ለጋሽ በአብዛኛው ጎልማሳና ጤነኛ ስለሆነ ቁጥሩን ለሕፃንና ለሽማግሌ በቀጥታ ማዋል ባይቻልም፣ የመረቡን ቀዳዳ ስፋት ያሳያል።

እኛም ጋ ተሠርቷል። አዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሠራተኞች ላይ በተደረገ ክትትል፣ አንቲቦዲ ያለው በኦገስት 2020 (እ.ኤ.አ.) 10.9 በመቶ ነበር። በፌብሩዋሪ 2021 53.7 በመቶ ደረሰ። ጅማ ላይም በዚያው ወር 56.1 በመቶ ነበር። የሆስፒታል ሠራተኛ ከሌላው ሰው ይበልጥ ይጋለጣል፤ ይህን አትርሱ። ቢሆንም «ከመቶ አንድ አልሞላም» ከሚለው የምርመራ ቁጥር ጋር አነጻጽሩት።

የአንቲቦዲ ቁጥር እንዳለ አይወሰድም። መመርመሪያው ራሱ ይሳሳታል። ማስተካከያው ቀላል ነው፦ ከተገኘው መቶኛ የሐሰት ውጤቱን ቀንሱ፤ ከዚያ መመርመሪያው በትክክል የሚያገኘው መቶኛ ላይ የሐሰቱን ቀንሳችሁ በእሱ አካፍሉት። እንበል መመርመሪያው ከመቶ የተያዘ 90 ያገኛል፤ ከመቶ ጤነኛ ደግሞ 2 በስህተት «ተይዟል» ይላል። ጥናቱ 12 በመቶ ካገኘ፣ 12 ሲቀነስ 2፣ ለ88፤ 11.4 በመቶ። ብዙም አልተለወጠም። ጥናቱ 3 በመቶ ካገኘ ግን 1 ለ88፤ 1.1 በመቶ። ከተገኘው ሁለት ሦስተኛው አየር ነበር። በሽታው ገና ሲጀምር የወጣ የአንቲቦዲ ጥናት ስታዩ ጠርጥሩ ማለቴ ለዚህ ነው።

ክትባት ከመጣ በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ብዙዎቹ ክትባቶች የሚያስተምሩት የቫይረሱን የላይ እሾህ ብቻ ስለሆነ፣ የውስጡን ፕሮቲን የሚፈልግ ምርመራ የተከተበውን ከታመመው ይለያል። ሲኖፋርም ግን ሙሉው የሞተ ቫይረስ ነው፤ እኛም አገር ተሰጥቷል። እሱን የተከተበ ሰው ላይ ያ ዘዴ አይሠራም።

ደረጃ 4፦ ቀብር ቁጠሩ

የምወደው ክፍል ይህ ነው፤ ቢረዝም ታገሡኝ።

የሞት ምክንያት ያከራክራል። ሞቱ ራሱ ግን ለመደበቅ ያስቸግራል። ስለዚህ ምክንያቱን ተዉትና ብዛቱን ቁጠሩ። በደህናው ዓመት ስንት ሰው ይሞት ነበር? በወረርሽኙ ዓመትስ? ልዩነቱ ከወትሮው በላይ የሆነው ሞት ነው። ሙሉ የሞት መዝገብ ያላቸው አገሮች ይህን ቁጭ ብለው ይደምራሉ። እኛ ጋ የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው፤ ብዙው ሞት እዚያ ሳይደርስ ይቀራል።

ዕድር ግን አለን።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ላይ ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየመቃብር ቦታው ቀብር ተመዝግቧል። ኤድስ ከተማዋን ምን ያህል እንደጎዳ፣ መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ደግሞ የጎልማሳው ሞት እንደቀነሰ የታየው በዚህ ነው። ዛምቢያ፣ ሉሳካ ላይ በ2020 (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ 364 አስከሬን ተመርምሮ፣ እንደ መስፈርቱ ጥብቀት ከ16 እስከ 19 በመቶው ቫይረሱ ተገኝቶበታል። በሕይወት ሳሉ የተመረመሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከዚያ በፊት «አፍሪካን ኮሮና ዘለላት» ሲባል ነበር።

እኔም የዕድራችን ጸሐፊ ጋ ሄድኩ። «ጋሼ፣ በ2013 ስንት ሰው ቀበርን?» አልኳቸው። «እኔ ምን አውቄ፣ መዝገቡን ጠይቀው» አሉና ከቁም ሳጥን ላይ አቧራ የጠጣ ጥራዝ አወረዱ። ስም፣ ቀን፣ የተከፈለው ገንዘብ። ምክንያት የሚል ዓምድ የለም። አያስፈልገንምም።

አገለባበጡ ላይ ግን ተጠንቀቁ። እኔ መጀመሪያ የሦስት ዕድር መዝገብ ደምሬ «ሞት በ40 በመቶ ጨምሯል!» ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ። ማታ ቤቴ ሆኜ ሳየው አንዲት እናት ሦስቱም መዝገብ ውስጥ አሉ። በሰፈር ዕድር፣ በሴቶች ዕድር፣ በልጃቸው መሥሪያ ቤት ዕድር። አንድ ቀብር፣ ሦስት መስመር። እንደሳቸው ያሉት ብዙ ነበሩ። በማግስቱ ስልክ እየደወልኩ ወሬዬን ሰበሰብኩ።

ስለዚህ አንደኛ፣ ሰውን በስምና በቀን አመሳክሩና አንዴ ብቻ ጻፉ። ሁለተኛ፣ ድንኳን የተጣለለት ሁሉ ሐዋሳ ላይ የሞተ አይደለም። የአባል አባት ወላይታ ወይም ጎንደር ቢያርፍም ዕድሩ ሐዘን ያስቀምጣል፣ ገንዘብ ይከፍላል። እነዚህን በተለየ ምልክት ያዙ። ሦስተኛ፣ የአባላቱን ብዛት በየዓመቱ ጻፉ፤ አባል ከጨመረ ቀብር ይጨምራል። አራተኛ፣ ዕድር ውስጥ የሌለውን አስቡ። ተከራዩ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሊሠሩ ከገጠር የመጡት ልጆች መዝገብ ውስጥ የሉም። አምስተኛ፣ በ2012 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ቀብሩ በጥድፊያ፣ በጥቂት ሰው ነበር። የአንዳንዱ ሰው ስም የገባው ክፍያው ሲፈጸም፣ ከወራት በኋላ ነው።

አሁን ሒሳቡ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ያደረግኋቸው ናቸው። አንድ ሰፈር ከ2007 እስከ 2011 በተከታታይ 41፣ 38፣ 44፣ 40 እና 42 ሰው ቀበረ። አማካዩ 41 ነው። በወረርሽኙ ዓመት 53 ሆነ። ትርፉ 12፤ ወደ 29 በመቶ ጭማሪ። አስደንጋጭ ይመስላል። ግን ቆዩ። ሞት ያለ ወረርሽኝም ከዓመት ዓመት ይወዛወዛል። የውዝዋዜውን ልክ በግርድፉ ለማግኘት የአማካዩን ስኩዌር ሩት ውሰዱና በሁለት አባዙ። የ41 ስኩዌር ሩት 6.4 ነው፤ እጥፉ 13 ገደማ። የእኛ 12 ከዚያ አይዘልም። በዚህ ሰፈር ብቻ ተነሥቶ ምንም ማለት አይቻልም።

አሁን ሃያ እንዲህ ያለ ሰፈር ሰብስቡ። የወትሮው 820፣ የወረርሽኙ ዓመት 1,060፣ ትርፉ 240። የ820 ስኩዌር ሩት 28.6፤ እጥፉ 57። 240 ከ57 በብዙ ይበልጣል። ጭማሪው ያው 29 በመቶ ነው፤ አሁን ግን ንፋስ አይደለም።

ትርፉን በሙሉ ለቫይረሱ አትስጡት። ሆስፒታል መሄድ ፈርቶ በስኳር ወይም በወሊድ የሞተም እዚያው ውስጥ አለ። መንገድ ጭር ሲል ከመኪና አደጋ የተረፈ ደግሞ ከድምሩ ይቀንሳል። በአገር ደረጃ ካሰባችሁት፣ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ጦርነት ነበር፤ የዚያን ዘመን ትርፍ ሞት ሳይለዩ ለኮሮና መስጠት ትልቅ ስህተት ነው።

ደረጃ 5፦ ዕድሜ ጠይቁ

አጭር ነው፤ ግን ዝለሉትና ቀሪው ሁሉ ይበላሻል።

ከክትባት በፊት በበለጸጉ አገሮች በተሠራ ስሌት፣ ኮሮና ከያዛቸው የ25 ዓመት ወጣቶች የሚሞተው 0.01 በመቶ ነው። በ55 ዓመት 0.4፣ በ65 ዓመት 1.4፣ በ75 ዓመት 4.6፣ በ85 ዓመት 15 በመቶ። 10 ሺህ ወጣት ቢያዝ አንድ ይሞታል። 10 ሺህ የ75 ዓመት አዛውንት ቢያዙ 460። ስለዚህ ግማሹ ሕዝቧ 20 ዓመት ያልሞላው ኢትዮጵያና እኩሌታው ከ45 ዓመት በላይ የሆነው ጣሊያን በአንድ መቶኛ አይለኩም። «እኛን ያልገደለን በርበሬው ነው» የሚሉ ሰዎች ይህን መስመር ሁለቴ ያንብቡልኝ።

ወጣትነት ሁሉንም አይሸፍንም። ኋላ የወጡ ጥናቶች በታዳጊ አገሮች በእኩል ዕድሜ የሞት ዕድሉ ሁለት እጥፍ ገደማ ሆኖ አግኝተውታል። ኦክስጅን የሌለበት ቦታ ላይ ሠንጠረዡን እንዳለ አትገልብጡ።

ይህ መቶኛ ካላችሁ ከቀኙ ዓምድ ወደ ግራው መመለስ ትችላላችሁ። ለአንድ ሕዝብ አማካዩ 0.2 በመቶ ነው ካላችሁ፣ አንድ ሞት 500 የተያዘ ሰው ማለት ነው። እነዚያ ሰዎች የተያዙት ግን ዛሬ አይደለም፤ ሟቹ ከመሞቱ ሦስት ሳምንት ገደማ በፊት ነው።

ደረጃ 6፦ ወደ ዓለም ውጡ፣ ከዚያ አስታርቁ

አሁን አሞራ ገደል ወደቀረው ክርክር። እ.ኤ.አ. በ2020 እና 2021 በዓለም የተመዘገበው የኮሮና ሞት 5.4 ሚሊዮን ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ከወትሮው በላይ የሆነውን ሞት ሲያሰላ 14.9 ሚሊዮን አገኘ፤ ዝቅ ቢል 13.3፣ ከፍ ቢል 16.6። ሌላ የተመራማሪዎች ቡድን ለዚያው ሁለት ዓመት 18.2 ሚሊዮን አለ። የመጀመሪያው ጓደኛዬ 7 ሚሊዮን እስካሁን የተመዘገበው ሁሉ ድምር ነው። የሁለተኛው 15 የሁለት ዓመት ግምት ብቻ።

ግምቶቹ ለምን ተለያዩ? አብዛኛው የአፍሪካ አገር የሞት አሃዝ ስለሌለው በሞዴል ተሞልቷል። ደግሞም «ወትሮ» የሚባለውን ማስላት ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ለጀርመን መጀመሪያ 195 ሺህ ብሎ ነበር። የወትሮውን መስመር የሠራበት ዘዴ ለመጨረሻው ዓመት ከመጠን በላይ ክብደት በመስጠቱ ስለተተቸ ወደ 122 ሺህ ዝቅ አደረገው። ጀርመን ላይ እንዲህ ከሆነ የእኔ የዕድር መዝገብ ላይ የምትስቁ ሰዎች ትንሽ ቀስ በሉ።

በሕዝብ አካፍሉ። ዓለም ያኔ 7.8 ቢሊዮን ሕዝብ ነበራት። 14.9 ሚሊዮን ሲካፈል ከ100 ሺህ ሰው 191 ነው። የሁለቱን ግምቶች ዳርና ዳር ብትወስዱ ከ170 እስከ 250። (ይህን ለሐዋሳ ልሥራ ብትሉ ታሕቱ እንደገና ያስቸግራችኋል። በ1999ኙ ቆጠራ ከተማዋ 157,139 ሕዝብ ነበራት። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ የለም፤ ያለው ትንበያ ነው።)

አሁን ማስታረቂያው። አንድ ትልቅ ጥናት እስከ ኖቬምበር 2021 (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ድረስ ከዓለም ሕዝብ 3.39 ቢሊዮኑ፣ ማለትም 43.9 በመቶው፣ ቢያንስ አንዴ ተይዟል ይላል። 14.9 ሚሊዮን ለ3.39 ቢሊዮን፤ 0.44 በመቶ። በ18.2 ብትሠሩት 0.54። ከ200 የተያዘ ሰው አንድ ገደማ። በ3.4 በመቶው ጀምረን እዚህ ደረስን። ግራና ቀኙ ሲካፈል የማይታመን ነገር ከወጣ፣ ለምሳሌ 5 በመቶ ወይም 0.001፣ አንዱ ዓምድ ላይ ተሳስታችኋል።

ደረጃ 7፦ ከሌላ ወረርሽኝ ጋር አስተያዩ

ብቻውን የቆመ ቁጥር ትልቅ ይሁን ትንሽ አይታወቅም። በ2009 (እ.ኤ.አ.) የተነሣው ኢንፍሉዌንዛ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ሟቹ 18,500 ገደማ ነበር። በኋላ ሲሰላ የመጀመሪያው ዓመት ሟች 284,500 ሆነ፤ ከ151,700 እስከ 575,400። አሥራ አምስት እጥፍ! ያም ሆኖ ከ100 ሺህ ሰው 4 ገደማ ነው። ነገር ግን 80 በመቶዎቹ ከ65 ዓመት በታች ነበሩ። አዛውንት ላይ ከበረታው ኮሮና ጋር በሟች ብዛት ብቻ ስታወዳድሩት የቀረውን የዕድሜ ዘመን ትዘሉታላችሁ።

የኅዳር በሽታ ግን ሌላ ነው። በኅዳር 1911 አዲስ አበባን ያጠቃው፣ ራስ ተፈሪን ሳይቀር አልጋ ላይ የጣለው። እኛ ዛሬም ኅዳር 12 ቆሻሻ እናቃጥላለን፤ ሐዋሳም በጭስ ትታጠናለች፣ ምንም እንኳ ያኔ ከተማዋ ገና ያልተቆረቆረች ብትሆንም። የዓለሙ ሟች በ1927 (እ.ኤ.አ.) ሲሰላ 21.5 ሚሊዮን ተባለ። በ1991 ከ24.7 እስከ 39.3 ሚሊዮን ሆነ። በ2002 ደግሞ 50 ሚሊዮን፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ከተቀበሩ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ቁጥር ከእጥፍ በላይ አደገ፤ እስያና አፍሪካ ላይ ያልተቆጠረው ቀስ በቀስ ስለታሰበ። 50 ሚሊዮንን ለያኔው 1.8 ቢሊዮን ሕዝብ አካፍሉት፤ ከ100 ሺህ 2,800 ገደማ።

በአንድ መስመር ጻፏቸው፦ 4፣ 191፣ 2,800። የመጀመሪያው የአንድ ዓመት፣ ሁለተኛው የሁለት ዓመት መሆኑን ከሥር አስታውሱ።

ደረጃ 8፦ መልሱን «ከ… እስከ…» ብላችሁ ጻፉ

አንድ ቁጥር ብቻ አትጻፉ። «ከ… እስከ…» በሉ፤ ከየትኛው ታሕት እንደሆነ፣ እስከ የትኛው ወር እንደሆነ አክሉ። የእኔ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «እስከ 2021 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ። የት ደረሰ፦ ከዓለም ሕዝብ 4 አሥረኛው ያህል። ምን ያህል ከበደ፦ ከወትሮው በላይ ከ13 እስከ 20 ሚሊዮን ሞት፤ ከያዘው 200 ሰው አንድ ገደማ። የሚያጠራጥረው፦ የአፍሪካው ክፍል።»

ከገጹ አናት ላይ የሠራችሁበትን ቀን ጻፉ። ፔሩ በ2021 (እ.ኤ.አ.) የሟች ትርጉሟን ስታስተካክል ከ69,342 ወደ 180,764 የተሻገረችው በአንድ ጊዜ ነው። የዚያን ሳምንት ደብተር የያዘ ሰው ቀን ካልጻፈበት የትኛውን እንደያዘ አያውቅም።

የዕድሩን መዝገብ ደግሞ በሰዓቱ መልሱ። የእኛ ጸሐፊ ሁለት ጊዜ ደውለውልኛል።